ትርፉ ለባላጋራ

እንግሊዞች አንዲት ሳንቲም ገድለው ሳይቀብሯት ቀርተዋል። ግማሽ ፔኒ ትባላለች። በድሮው ሒሳባቸው 1 ፓውንድ 240 ፔኒ ስለነበር፣ እሷ የፓውንድ 480ኛ ቁራሽ መሆኗ ነው። ኦገስት 1 ቀን 1969 ከገበያ ተሰናበተች (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ ዳቦ አትገዛም፣ የአውቶቡስ ሒሳብ አትከፍልም። በ1971 አዲሱ የመቶ ቤት ሒሳብ ሲመጣ ስሟን የወረሰች አንዲት ትንሽዬ ሳንቲም ወጥታ ነበር፤ እሷም በ1984 መጨረሻ ተሸኘች።

ታዲያ ያቺ የፊተኛዋ፣ ሞታለች የተባለችው፣ ዛሬም በጥቂት የእንግሊዝ መጠጥ ቤቶች ማታ ማታ ሥራ ትገባለች። ሥራዋ መገፋት ነው።

ጨዋታው ‹‹ሻቭ ሄይፕኒ›› ይባላል። ግማሽ ፔኒ መግፋት እንደማለት ነው። አንድ ከጠንካራ እንጨት ወይም ከጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ የተሠራ ሰሌዳ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ርዝመቱ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከፊት በኩል ታች የጠረጴዛውን ጠርዝ የሚይዝ ቁራጭ እንጨት ስላለው ሲገፉት አይሸሽም። በሰሌዳው ላይ አግድም በተሰመሩ መስመሮች ዘጠኝ ክፍሎች ተከፍለዋል። እንግሊዞቹ ክፍሎቹን በእነሱ ቋንቋ ‹‹አልጋ›› ነው የሚሏቸው፤ የጎመን መደብንም በዚያው ቃል ስለሚጠሩ እኔ ‹‹መደብ›› ብያቸዋለሁ። መደብ ሲባል የቀበሌ ስብሰባ ትዝ የሚላችሁ የእኔ ዕድሜ ሰዎች አትደንግጡ። ይኼኛው መደብ አይታገልም፤ ይሞላል እንጂ።

አጨዋወቱ ቀላል ይመስላል። ሳንቲሟን በሰሌዳው ጠርዝ ላይ ትንሽ ወጣ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ከዚያ በመዳፍ ገፋ ማድረግ። አንድ ተጫዋች በየተራው አምስት ሳንቲም ይገፋል። ሳንቲሟ ከሁለት መስመሮች መካከል፣ አንዱንም ሳትነካ ከቆመች አንድ ነጥብ ናት። መስመር ከነካች ከንቱ ናት። የመደቡ ስፋት 3 ሴንቲ ሜትር ከምናምን፣ የሳንቲሟ ስፋት 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ስለሆነ፣ ከፊትና ከኋላ የሚተርፋት ቦታ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የስንዴ ቅንጣት ስፋት በሉት። ቀድማ የተገፋች ሳንቲም መስመር ላይ ተንጠልጥላ ከቀረች፣ በኋለኛዋ ኮርኩሞ ማስገባት ይፈቀዳል። የመጀመሪያውን መስመር ሳትደርስ የቀረች ደሞ ተመልሳ ትገፋለች፤ ለደካማ አጀማመር ምሕረት አለ ማለት ነው። ነጥቡ በሰሌዳው ግራና ቀኝ በጠመኔ ይጫራል። በዘጠኙም መደብ ሦስት ሦስት ነጥብ ቀድሞ የሞላ አሸነፈ። ሃያ ሰባት ነጥብ። አለቀ።

አላለቀም። ጨዋታውን ጨዋታ ያደረጉት ሁለት ሕጎች ቀርተዋል።

አንደኛው፦ አንድ መደብ ውስጥ ሦስት ከሞላህ በኋላ አራተኛ ካስገባህ፣ ትርፏ ለተጋጣሚህ ትጻፋለች። እሱ መደቡን ገና ካልሞላ፣ ያንተን ልፋት ወስዶ በጠመኔው ይጭራል። ሁለተኛው፦ የመጨረሻዋን፣ የማሸነፊያዋን ነጥብ ግን ከሌላ ሰው ትርፍ ልታገኛት አትችልም። ራስህ፣ በራስህ መዳፍ፣ ገፍተህ ማስገባት አለብህ።

ብዙ ዓመት ሥነ ጽሑፍ አስተምሬያለሁና ጨዋታም ሳይ የማነበው እንደ ድርሰት ነው። የጨዋታ ታሪኩ ያለው በሕጉ ውስጥ ነው። ሕጉን ያወጣው ሰው ስለ ሰው ልጅ ምን ያስብ እንደነበር ከዚያ ይነበባል። በሻቭ ሄይፕኒ ሕግ ውስጥ የማነበው ሰው እንዲህ የሚል ነው፦ ሦስት ይበቃሃል። ከዚያ በላይ ካጋበስክ ለባላጋራህ ነው። ባላጋራህም ባንተ ስግብግብነት እስከ መጨረሻው ደጃፍ ሊደርስ ይችላል፤ ደጃፉን ግን በራሱ እግር ይሻገር። ይህን ሕግ የጻፈው ፈላስፋ አይደለም። ማን እንዳወጣው ስሙ አይታወቅም፤ ቢራውን ይዞ ከተቀመጠ ሰው ሁሉ ተራ በተራ የተዋጣ ነው።

ስለ ሳንቲሟም አንድ ነገር ልበል። ለጨዋታ የምትመረጠው ግማሽ ፔኒ አንድ ገጿ እስኪልሰልስ ድረስ ይፋቃል። ያ ገጽ ነው ሰሌዳው ላይ የሚንሸራተተው። በገንዘብነቷ ዘመን ከንጉሥ ወይም ከንግሥት መልክ ጋር የወጣች፣ ከ1937 ወዲህ ደግሞ በሌላው ገጿ መርከብ የተቀረጸባት ሳንቲም ናት። ተጫዋቹ የመንግሥትን ጽሕፈት ፍቆ የራሱን መሣሪያ ያወጣባታል። ገንዘብነቷን ሲያጠፋባት ዋጋ ታወጣለች። ለዚህ ማስረጃ ከፈለጋችሁ ሼክስፒርን እጠራላችኋለሁ።

‹‹የዊንድሰር ደስተኛ ሚስቶች›› በሚለው ኮሜዲው ውስጥ ስሌንደር የሚባል ጅላጅል ባላባት አለ። ኪሴ ተዘረፈ ብሎ ያማርራል። ከተዘረፈው ውስጥ ሁለት የመግፊያ ሽልንጎች ነበሩበት፤ የንጉሥ ኤድዋርድ ሳንቲሞች ናቸው። (የእኛ ሃምሳ ሳንቲም ስሟን ከእነሱ ሽልንግ ነው የተዋሰችው፤ የእነሱ ሽልንግ ግን 12 ፔኒ ነበር።) ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሽልንግ ከሁለት ፔኒ ከፍዬባቸው ነበር ይላል። አስቡት እንግዲህ፤ የ12 ፔኒ ሳንቲም በ26 ፔኒ ገዝቷል! ተማሪዎቼ እዚህ ጋ ይስቁ ነበር፤ ሰውዬው ጅል ነዋ። እኔም አብሬ እስቅ ነበር፤ ስቀን ስናበቃ ግን አንድ ጥያቄ እጥልላቸዋለሁ። የሚንሸራተት ሳንቲም ከሚገዛ ሳንቲም ሁለት እጥፍ የሚያወጣው ምን ዓይነት ገበያ ውስጥ ነው? ጨዋታ ቁም ነገር በሆነበት ገበያ ውስጥ ነዋ።

ያው ሼክስፒር ‹‹ሄንሪ አራተኛ›› ሁለተኛ ክፍል ላይ ፎልስታፍን መጠጥ ቤት አስቀምጦታል። ፒስቶል የሚባል ነገረኛ እየጮኸ ሲያስቸግር፣ ፎልስታፍ አሽከሩን አዝዞ ያስወጣዋል፤ አወጣጡንም ጨዋታው ላይ ቁልቁል ከሚምዘገዘግ ሽልንግ ጋር ያመሳስለዋል። የሚገርመው፣ ስሌንደር ሳንቲሜን ሰረቀኝ ብሎ የሚከሰውም ያው ፒስቶል ነው። በአንዱ ተውኔት እንደ ሳንቲም ተገፍቶ ወጣ፤ በሌላው ሳንቲሙን ሰርቆ ተገኘ። ያኔ ጨዋታው ስሙ ከአራት ፔኒዋ ከግሮት የመጣ ነበር። ሳንቲሞቹ ተለዋወጡ። ግሮት ሄደች፣ ሽልንግ መጣ፣ ግማሽ ፔኒ ተተካች። መግፋቱ ግን አልተለወጠም።

አሁን ‹‹መደብ››ን ወደ ሌላኛው ትርጉሟ ልመልሳት።

በ1532 የንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ የኪስ ወጪ መዝገብ ላይ አንድ ሒሳብ ሰፍሯል። ንጉሡ በሹቭልቦርድ ጨዋታ ለሎርድ ዊልያም 9 ፓውንድ ተበልቷል። ሹቭልቦርድ በረዥም ጠረጴዛ ላይ የሚጫወቱት የሻቭ ሄይፕኒ የቤተ መንግሥት ዘመድ ነው። 9 ፓውንድ በግሮት ሲመነዘር 540 ግሮት ነው። መበላቱ ምንም አይደለም፤ ንጉሥም ሰው ነው፣ መዳፉ ይስታል። ታዲያ ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ፣ በ1541፣ በዚሁ ንጉሥ ዘመን አንድ አዋጅ ወጣ። ቀስት ሠሪዎችና ፍላጻ ሠሪዎች ገበያችን ቀዘቀዘ፣ ሕዝቡ ቀስት መወርወር ትቶ ጨዋታ ላይ ተጣደ ብለው አቤት ብለው ነበር። አዋጁም ተንኮለኞች ፈለሰፏቸው ካላቸው አዳዲስ ጨዋታዎች መካከል ግሮት መግፋትን በስሙ ጠቀሰው። ሌላ ስሙንም ጨምሮ ነው የጠቀሰው፦ ‹‹ስላይድ ትሪፍት››። ቁጠባ ማንሸራተት እንደማለት ነው! ገንዘብ አባካኝነትን በሁለት ቃል የሰደበ ስም ነው።

አዋጁ የእጅ ባለሙያ፣ ገበሬ፣ የቀን ሠራተኛ፣ አሽከር፣ ዓሣ አጥማጅ፣ መርከበኛ ከገና በዓል ውጭ እንዲህ ያሉ ጨዋታዎችን እንዳይጫወት ከለከለ። ቅጣቱ 20 ሽልንግ ነው፤ አንድ ሙሉ ፓውንድ። በገናም ቢሆን በጌታው ቤት ወይም ጌታው ባለበት ነው መጫወት የሚችለው። በዓመት 100 ፓውንድና ከዚያ በላይ ገቢ የሚያስገባ መሬት ያለው ሰው ግን በራሱ ግቢ ውስጥ ጨዋታ የመፍቀድ መብት ተሰጠው። እንግዲህ ንጉሡ በአንድ ጨዋታ የተበላው ገንዘብ፣ አሽከሩ ቢጫወት ከሚቀጣው ዘጠኝ እጥፍ ነው። አባካኝነት ነው ያስፈራቸው ብትሉኝ አላምናችሁም። ያስፈራው ድሃ እጁን ለራሱ ደስታ ማንቀሳቀሱ ነው። እጁ ቀስት መያዝ ነበረበታ! የክህሎት ጨዋታን የሚከለክለው የአዋጁ ክፍል በ1845 ነው የተሻረው። ሦስት መቶ ዓመት ሙሉ ሕግ ሲያስፈራራት የኖረች ጨዋታ ናት። ሰው ግን በጠመኔ ጠረጴዛ ላይ መስመር አስምሮ ይጫወታት ነበር፤ ዳኛ ሲመጣ በክንድ ይጠፋልና።

የተማረውስ ሰው ምን አላት? ጆሴፍ ስትራት የሚባል ትጉህ ሰው በ1801 ስለ እንግሊዝ ሕዝብ ጨዋታዎች ትልቅ መጽሐፍ አሳትሟል። እዚያ ውስጥ ይህችን ጨዋታ በሚገባ ገልጿታል፤ ዘጠኙን ክፍል፣ የላሰውን ግማሽ ፔኒ፣ በመዳፍ መመታቱን ሁሉ። ከዚያ ግን አፍንጫውን ነፋ አድርጎ፣ በተራ ጠላ ቤቶች የተወሰነች፣ እነዚያን ቤቶች የሚያዘወትሩ ሰዎች ብቻ የሚጫወቷት ናት ብሎ አለፋት። ለክቶ፣ ቆጥሮ፣ ናቀ። የብዙ አጥኚ ጠባይ ነው፤ የኛንም አጥኚዎች ጨምሮ። ነገሩን ለመጻፍ የሚያስችል ቅርበት አለው፤ አብሮ ለመቀመጥ የሚያስችል ትሕትና የለውም።

‹‹የእንስሳት እድር››ን ይዘን ያደግነው ጆርጅ ኦርዌል እንኳ፣ የሠርቶ አደሩ ወዳጅ፣ በ1946 በኢቭኒንግ ስታንዳርድ ጋዜጣ ስለ ሕልሙ መጠጥ ቤት ግሩም ወግ ሲጽፍ ጨዋታን ያስቀመጠው በአንድ ወገን ባለው የሕዝብ ባር ብቻ ነው። በሌላው ወገን ያለው ሰው የሚወረወር ዳርት ይወጋኛል ብሎ ሳይሰጋ እንዲንቀሳቀስ ነው። የዚያን ጊዜ መጠጥ ቤት በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ዓለም ነበረው፤ ለሠራተኛው አንድ በር፣ ሻል ላለው ሌላ በር። ኦርዌል ሰው የሚነጋገርበት ጸጥታ ነው የፈለገው፤ አልፈርድበትም። ግን ግማሽ ፔኒዋ እኮ አትበርም። ጸጥ ብላ ነው የምትንሸራተት። እንዲያውም ሁለት ሰው እየተጫወተባት ስለ ደሞዝ፣ ስለ ልጅ፣ ስለ ሞተ ጓደኛ ማውራት ይችላል። ዓይን ለዓይን መተያየት ለሚከብዳቸው ወንዶች ዓይናቸውን የሚያሳርፉበት ቦታ ትሰጣለች። ስንት እንግሊዛዊ ሐዘኑን ለባልንጀራው የነገረው ወደ ሰሌዳው እያየ ይሆን?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለጉዳይ ወደ እንግሊዝ አገር ሄጄ ነበር። ድሮ ያስተማርኩት፣ አሁን እዚያ የሚኖር አንድ ልጅ ከከተማ ወጣ አድርጎ ወሰደኝ። ‹‹መምህር፣ ያቺ ያስተማሩን የፎልስታፍ ሳንቲም ትዝ ትልዎታለች?›› አለኝ። ‹‹እንዴት ትጠፋኛለች!›› አልኩት። ‹‹እንግዲያው ዛሬ ሰሌዳውን አሳይዎታለሁ›› አለና አንድ ጣሪያው ዝቅ ያለ መጠጥ ቤት አስገባኝ። እውነትም ሰሌዳው አለ። ግድግዳ ላይ። በአራት ብሎን ተመትቶ። ከጎኑ የፈረስ ኮርቻ፣ ከላዩ የአሮጌ ቢራ ማስታወቂያ። ልጁ አስተናጋጇን መጫወት ይቻል እንደሆነ ጠየቃት። ‹‹ኧረ እሱ ለጌጥ ነው›› አለች እየሳቀች። ‹‹ሳንቲሞቹስ?›› አልኳት። ሳንቲም እንዳለውም አታውቅም። ከሰሌዳው በታች፣ ልክ ግርጌው፣ ሁለት የቁማር ማሽኖች ቀይና አረንጓዴ እያበሩ ይዘፍናሉ። ‹‹መምህር፣ በእነሱ መጫወት ይቻላል›› አለኝ ልጁ፤ እሱም እየሳቀ፣ ግን ከልቡ አልሳቀም።

ይህንን ነው የምተቸው። ጨዋታው አረጀ፣ ሰው ረሳው ቢባል ይገባኛል፤ ሁሉም ነገር ያረጃል። የማይገባኝ ተጫዋቹን አስወጥቶ ሰሌዳውን ማክበር ነው። ብሎን የተመታበት ጨዋታ ከተቀበረ ጨዋታ ይብሳል፤ የተቀበረው ቢያንስ አይዋሽም። ግድግዳው ‹‹ባህላችንን ጠብቀናል›› ይላል፤ ወለሉ ላይ ያለው ማሽን እውነቱን ይናገራል።

ማሽኑን ማን አመጣው ካላችሁ፣ ሕግ ነው ያመጣው። በ2005 የወጣው የብሪታንያ የቁማር ሕግ መጠጥ የመሸጥ ፈቃድ ያለው መጠጥ ቤት ሁሉ፣ ለሚመለከተው ክፍል እስካሳወቀ ድረስ፣ ሁለት የቁማር ማሽን የማቆም መብት ይሰጠዋል። በአንድ ጊዜ የሚያስይዙት እስከ 1 ፓውንድ፣ የሚያሸንፉት እስከ 100 ፓውንድ ነው። አንድ ጣት፣ አንድ ቁልፍ፣ አንድ ፓውንድ። በድሮው ምንዛሪ 480 ግማሽ ፔኒ በአንዲት ጠቅታ። አምስት ሳንቲም ለዘለዓለም ይበቃ በነበረበት ቤት! የ1541 አዋጅ ሳንቲሙ ለድሃው ደስታ ስለሄደ ከለከለ፤ የ2005ቱ ሳንቲሙ ወደ ማሽን ስለሚሄድ ፈቀደ። መጠጥ ቤቶቹም ቢሆኑ በማሽን አልዳኑም። በ2000 ከ60 ሺህ በላይ ነበሩ፤ ዛሬ 45 ሺህ ገደማ ናቸው። የቤት ኪራዩ፣ ግብሩ፣ የሱፐርማርኬት ርካሽ ቢራ፣ በ2007 እንግሊዝ ውስጥ የመጣው የሲጋራ ክልከላ፣ ሁሉም የየድርሻውን አንስቷል። ባለቤቱ ማሽን ቢያቆም ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ሰሌዳ ኪራይ አይከፍልለትም።

ሳንቲም መግፋት ጨርሶ ጠፋ እንዳትሉ ደግሞ፣ ከ2012 ጀምሮ አይቲቪ በተባለው ቴሌቪዥን ‹‹ቲፒንግ ፖይንት›› የሚባል ዝግጅት አለ። ተወዳዳሪው ጥያቄ ይመልሳል፤ ሲመልስ አንድ ክብ ነገር ወደ ትልቅ ማሽን ይጥላል። ማሽኑ ውስጥ መደርደሪያ ወደ ፊት ወደ ኋላ እየሄደ የተከመረውን ይገፋል። የተረፈው ጠርዙን አልፎ ሲወድቅ ተወዳዳሪው ያገኛል። በየባሕር ዳርቻው ሕጻናት ሳንቲም የሚጨርሱበት ማሽን አድጎ ቴሌቪዥን ላይ የወጣ ነው። ተመልካቹ ይወደዋል፤ እኔም ሁለት ሦስቴ አይቼ ሳንቲሙ ጠርዝ ላይ ሲንቀጠቀጥ ትንፋሼን ይዣለሁ። ግን ልብ በሉ፦ ገፊው ማሽኑ ነው። የሰውየው ድርሻ መጣልና መለመን ነው። ‹‹በናትህ ውደቅ!›› እያለ። ሻቭ ሄይፕኒ ላይ ሳንቲምን የሚለምን ሰው መሳቂያ ነው፤ መዳፉ ያውቃላ።

ይህ ጉዳይ የእንግሊዞች ብቻ ቢሆን ኖሮ እንግሊዞች ይጨነቁበት ብዬ ባለፍኩት። ግን ከእነዚያ መጠጥ ቤቶች ስክሪን ላይ የሚታየው ፕሪሚየር ሊግ የእኛንም ሰፈር ገብቷል። ቅዳሜ ከሰዓት እዚያ ሲጮሁ እዚህም ይጮሃል። ጩኸቱ መልካም ነበር፤ የኳስ ፍቅር ነው። ከዚያ ውርርዱ መጣ። የእኛ ልጆች አርሴናልና ቼልሲን በጥንድ አስረው፣ ውጤት ተንብየው፣ ትኬት ቆርጠው ሲንከራተቱ፣ ውርርድ ቤቶቹ አንዴ ፈቃድ ሲሰጣቸው አንዴ ሲታሸጉ አየን። አንድ ወጣት እንዲህ ሲል ሰምቼዋለሁ፦ ‹‹ጋሼ፣ አሁን እኮ ኳሱን አላየውም፤ ትኬቴን ነው የማየው።›› አያችሁ? የእንግሊዙ ሠራተኛ ገንዘቡን ፍቆ ጨዋታ አደረገው። እኛ ጋ ጨዋታው ተፍቆ ገንዘብ ሆነ። ሳንቲሟ መልኳን አጥታ ነፃ ወጣች፤ ኳሱ መልኩን አጥቶ ባሪያ ሆነ።

አንድ ብልህ አንባቢ እዚህ ጋ እጁን ያነሳል። ‹‹ኧረ መምህር! ቢራ ቤት እኮ ነው የምታወራው። ስንት ደሞዝ ሰጥሞ የቀረበት፣ ስንት ሚስት እያለቀሰች ያደረችበት ቤት ነው። ጨዋታውም በገንዘብ፣ በቢራ ይያዝበት ነበር።›› ልክ ነው፤ መጠጥ ቤት ገዳም አይደለም። ሴቶችም ለረዥም ዘመን ከዚያ ሰሌዳ ዙሪያ በግልጽም በስውርም ሲገፉ ኖረዋል፤ ሳንቲሟ ብቻ አልነበረችም ተገፊዋ። ይህን አልክድም። ግን ቢራ የተያዘበት ጨዋታ ሲያልቅ ተሸናፊው ይገዛል፣ ሁለቱም ይጠጣሉ፣ ነገ መልስ ጨዋታ አለ። የተበላው ሰው የበላውን ያውቀዋል፤ ጎረቤቱ ነው፣ ሲታመም ይጠይቀዋል። ማሽኑን ግን ማን ያውቀዋል? ስታለቅስ ትከሻህን የሚይዝህ ማሽን አላየሁም። በበዓል ቤትህ መጥቶ የሚጠይቅህ የውርርድ ድርጅትም እንዲሁ።

ስለዚህ ‹‹ወደ ድሮው እንመለስ›› የሚል ዘፈን አልዘፍንም። ግማሽ ፔኒ አዲስ አበባ ይምጣልን ብዬም አልጠይቅም፤ እኛ የራሳችን ሰሌዳ አናጣም። ከዚህች ከሞተች ሳንቲም የምወስደው የመተቻ ሚዛን ነው። ተማሪ ድርሰት ይዞ ሲመጣ ሦስት ጥያቄ እጠይቀው ነበር፤ አሁን ለጨዋታም ሦስት ጥያቄ አግኝቻለሁ።

የመጀመሪያው፦ ማን ነው የሚገፋው? እጄ፣ ዓይኔ፣ ልምምዴ በውጤቱ ውስጥ ድርሻ አላቸው ወይስ እየጣልኩ እለምናለሁ?

ሁለተኛው፦ ትርፉ ወዴት ይሄዳል? ፊት ለፊቴ ወዳለው ሰው ነው ወይስ ፈጽሞ ወደማላየው?

ሦስተኛው፦ ሲመሽ ሳንቲሙ የት ያድራል? ሻቭ ሄይፕኒ ሲያልቅ አምስቱም ሳንቲሞች ወደ ቆርቆሯቸው ተመልሰው ያድራሉ፤ ነገ ለሌላ ሁለት ሰዎች ይወጣሉ። ማንንም ሳይበሉ ስንት ትውልድ አጫወቱ!

እነዚህን ጥያቄዎች ልጃችሁ ስልኩ ላይ አንገቱን ደፍቶ ለሚጫወተው ጨዋታ ጠይቁት። ሰፈራችሁ ለሚከፈተው ቤት፣ ፈቃዱን ለሚሰጠው መሥሪያ ቤት፣ ‹‹ባህልን መጠበቅ›› እያለ ብሎን ለሚያጠብቀውም ሁሉ ጠይቁት። ለአንዱም ጥያቄ ደህና መልስ ከሌለው፣ እየተጫወተ ያለው ልጃችሁ መሆኑን ተጠራጠሩ።

ደግሞ ልጁን ከመቆጣታችሁ በፊት፣ ከዚያ ስልክ ቀና ሲል የሚገጥመውን እዩ። ጠረጴዛ አለ? ፊት ለፊት የሚቀመጥ ሰው አለ? ‹‹ና እስቲ እንጫወት›› የሚለው አባት፣ አጎት፣ ጎረቤት አለ? ምክር ትርፍ ነጥብ ነው፤ ከሌላ ሰው ሊመጣ ይችላል። የማሸነፊያዋን ነጥብ ግን በስጦታ ማግኘት አይቻልም። መቀመጥ፣ ጊዜ መስጠት፣ በራስ መዳፍ መግፋት ያስፈልጋል።